በዕለቱ ተጽፎ በዕለቱ የተፈረመ፦ ስለ ግንባታ ክርክርና ስለ ግልግል ዳኝነት ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ግንባታ ውል ናቸው። ጠያቂዎቹ የተለያዩ ቢሆኑም ችግራቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሥራው ተሠርቷል፣ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ማስረጃው ግን የለም ወይም ጎደሎ ነው። ስድስቱን መርጠን ስማቸውንና ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ነገር አስቀርተን እናስተናግዳለን። መልስ ሰጪው በግንባታ መጠን ልኬት ሥራና በግልግል ዳኝነት ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ መሐንዲስ ናቸው።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የምሠራ የሕንፃ ተቋራጭ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ በተዳፋት ቦታ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የንግድ ሕንፃ ለመሥራት ከአንድ ግለሰብ ጋር ውል ገባሁ። በፕላኑ ላይ የመሠረቱ ጥልቀት 2 ሜትር ነበር። ስንቆፍር አሮጌ ሙሌት አፈር ስላጋጠመን የአማካሪው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ እስከ 3.40 ሜትር እንድንወርድ በቃል አዘዘን፤ እኛም ወረድን። አሁን ሕንፃው አልቆ የተጨማሪውን ሥራ ክፍያ ስጠይቅ ባለቤቱ «ያላየሁትን ጉድጓድ አልከፍልም» አለኝ፤ መሐንዲሱም ከአማካሪ ድርጅቱ ለቋል። በእጄ ያለው የፎርማኔ ደብተር፣ በስልክ የተነሡ ፎቶዎችና የኤክስካቫተር ኪራይ ደረሰኞች ናቸው። ውላችን በልክ የሚከፈል ነው፤ አለመግባባት በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል አንቀጽም አለው። በዚህ ማስረጃ ብቀርብ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በፊትዎ የሚቀመጡት የግልግል ዳኞች ስለዚያ ጉድጓድ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይጠይቁዎታል። ሥራው ታዟል ወይ? ተሠርቷል ወይ? ስንት ነው? ብዙ ተቋራጮች ለሁለተኛው ጥያቄ ያላቸውን ማስረጃ ለመጀመሪያው ያቀርቡና ይሸነፋሉ። ፎቶው ጉድጓዱ መቆፈሩን ያሳያል፤ ቆፍር ያለዎት ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። የኪራይ ደረሰኙ ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይመሰክራል፤ ስንት ሜትር ኩብ እንደወጣ ግን ለብቻው አይነግርም። ስለዚህ እያንዳንዱን ወረቀት ከየትኛው ጥያቄ ጋር እንደሚሄድ ለይተው ያስቀምጡ።

ከደብተሩ ልጀምር። የፎርማንዎን ደብተር በንጹሕ ወረቀት ገልብጠው፣ ፊደሉን አሳምረው፣ በኮምፒዩተር አስጽፈው ዋናውን እንዳይጥሉ አደራ እላለሁ። ሲሚንቶ የነካው፣ ጠርዙ የተበላ፣ በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ የተጻፈ ደብተር ከማንኛውም ንጹሕ ሰንጠረዥ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ክርክር ይመጣል ብሎ ማንም ባላሰበበት ቀን የተጻፈ መሆኑን መልኩ ራሱ ይመሰክራል። ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ማለትም ፊዲክ በሚያወጣቸው የውል ሁኔታዎች ውስጥ ተቋራጩ ተጨማሪ ክፍያ ሊጠይቅ ሲያስብ ድርጊቱ በሚፈጸምበት ጊዜ መዝገብ እንዲይዝ ይገደዳል። ይህ ግዴታ ምን ማለት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2003 የፎክላንድ ደሴቶች ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ የግንባታ ክርክር ላይ ግልጽ አድርጎታል። በዚያ ውሳኔ መሠረት እንዲህ ያለው መዝገብ የይገባኛል ጥያቄውን ያስነሣው ነገር በደረሰበት ጊዜ ወይም በዚያው አካባቢ የተዘጋጀ ሰነድ ወይም ቅጂው ነው፤ መዝገቡ በሌለበት ምስክሮች ከጊዜ በኋላ የሚሰጡት ቃል ክፍተቱን ሊሞላው አይችልም። ውሳኔው እኛን የሚያስገድድ አይደለም። ነገር ግን በፊዲክ ቃላት የተጻፈ ወይም ከእነርሱ የተቀዳ ውል የያዘ ሰው በማንኛውም የግልግል ጉባኤ ፊት ሊገጥመው የሚችለውን ክርክር አስቀድሞ ያሳየዋል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ ልግባ። የእርስዎ ጉዳይ ተስፋ የሚሰጠው ተቀብሮ የማይጠፋ ሥራ መሆኑ ነው። ከፉቲንጎቹ ማለትም ኮለኖቹ ከሚቆሙባቸው የመሠረት ኮንክሪቶች በአንዱ ወይም በሁለቱ ጎን የመፈተሻ ጉድጓድ አስቆፍሮ የኮንክሪቱን የታችኛውን ወለል መለካት ይቻላል። ይህን ለብቻዎ ካደረጉት ባለቤቱ «እኔ በሌለሁበት ነው» ይላል፤ ስለዚህ የግልግል ጉባኤው ሲቋቋም ዳኞቹ በሁለቱም ወገን ፊት የቦታ ምልከታ እንዲያደርጉ በጽሑፍ ይጠይቁ። የጠፋው የአፈሩ ዓይነት ነው። በሥራ ዝርዝሩ ላይ ተራ አፈር፣ ልል ድንጋይና ጠንካራ ድንጋይ የተለያየ ነጠላ ዋጋ አላቸው፤ የወጣው አፈር ምን እንደነበረ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ከኮንክሪቱ ጎን ማወቅ አዳጋች ነው። ይህን የሚያድነው በቁፋሮው ዕለት ተቆጣጣሪው የፈረመበት የልኬት ወረቀት ብቻ ነበር። ፎቶዎችዎ ውስጥ የጉድጓዱ ግድግዳ በግልጽ የሚታይበት፣ በተለይም ሜትር ወይም የልኬት በትር አብሮ የተነሣበት ካለ እንደ ውድ ዕቃ ይጠብቁት። ፎቶዎቹ ያሉበትን ስልክም አይሽጡ። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ሲጨመቅ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት የሚይዘው የውስጥ መረጃ ይጠፋል፤ ዋናው ቅጂ ስልኩ ላይ ያለው ነው።

ሥራው ታዟል ወይ ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ተቋራጮች የማያዩት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም አማካሪው ለተሠራው ሥራ ክፍያ ከሚያጸድቅባቸው የክፍያ ሰርተፊኬቶች ጋር የተያያዘው የልኬት ወረቀት፣ በሳይት ቋንቋ «ቴክ ኦፍ ሺት» የምንለው ነው። መሠረቱ በ1.40 ሜትር ሲወርድ ከፉቲንግ እስከ ግራውንድ ቢም (በመሬት ደረጃ ያለው የኮንክሪት አግዳሚ) የሚወጣው ኮለንም (ምሰሶም) በዚያው ልክ ይረዝማል፤ ፌሮው፣ ፎርም ዎርኩ (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) እና ኮንክሪቱ አብረው ይጨምራሉ። አማካሪው የመሠረቱን ኮለን በረዘመው ልክ ለክቶ ሰርተፊኬት ፈርሞ ከሆነ፣ ቁፋሮውን ባይጽፈውም ጥልቀቱን ተቀብሏል ማለት ነው። እኔ ባየሁት አንድ ጉዳይ ላይ ተቋራጩ ሁለት ሙሉ ቀን ስለ ቃል ትእዛዙ ምስክር ሲያሰማ ቆይቶ፣ ጉዳዩን የቋጨው ግን በሁለተኛው ሰርተፊኬት ጀርባ የነበረው አንድ የኮለን ቁመት ቁጥር ነበር። ሰርተፊኬቶችዎን ዛሬውኑ ያውጡና ይመልከቱ። ከድርጅቱ የለቀቀውን መሐንዲስም ይፈልጉት፤ ከሥራው መልቀቁ ምስክር ከመሆን አይከለክለውም።

የቀረው የማስታወቂያ ጊዜ ነው፤ ይህ ክፍል ደስ ላያሰኝዎት ይችላል። በአገራችን ለግል ሕንፃዎች ሳይቀር የሚገለበጠው የቀድሞው የሥራና ከተማ ልማት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ጠቅላላ የውል ሁኔታም ሆነ የፊዲክ ውሎች የቃል ትእዛዝን በጽሑፍ የማረጋገጥ ሥርዓት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው፣ ቀይ መጽሐፍ በሚባለው የፊዲክ የግንባታ ውል ተቋራጩ የቃል ትእዛዙን በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ አረጋግጦ ቢልክና መሐንዲሱ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ፣ ማረጋገጫው እንደ ጽሑፍ ትእዛዝ ይቆጠራል። በዚያው ውል ተጨማሪ ክፍያ ወይም ጊዜ የሚፈልግ ተቋራጭ ድርጊቱን ካወቀበት ወይም ሊያውቅ ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀናት ውስጥ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። የእርስዎ ውል የሚለው «ያስታውቃል» ብቻ ነው ወይስ «ካላስታወቀ መብቱ ይቀራል» ይላል? ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ አንቀጹን ከጠበቃ ጋር ሆነው በጥንቃቄ ያንብቡት። ውሉ መብት ይቀራል የማይል ከሆነ መዘግየትዎ ማስረጃዎን ያዳክማል እንጂ በሩን አይዘጋም።

ስለ ቀን ቆጠራም አንድ ነገር ልጨምር፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰው ሲጎዳበት አይቻለሁ። ነሐሴ 20 የደረሰ ነገር 28ኛ ቀኑ መስከረም 13 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሚሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 12። ጳጉሜን ዘሎ የሚቆጥር የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ መስከረም 18 ይላል፤ ደብዳቤውም በአምስት ቀን ይዘገያል። ክረምት ደግሞ በደሴ ሳይቶች ችግር የሚበዛበት ወቅት በመሆኑ አጋጣሚው ከሚመስለው በላይ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የመጋዘን ሼድ እያሠራሁ ነው። ከተቋራጩ ጋር የተፈራረምነው ውል «በመካከላችን አለመግባባት ቢፈጠር በሽማግሌ ይታያል፤ ካልሆነ አግባብ ያለው ፍርድ ቤት ይወስናል» ይላል። ተቋራጩ ሥራውን አቋርጦ ሄዷል። ጠበቃዬ «ይህ የግልግል ስምምነት አይደለም» ይለኛል፤ ተቋራጩ ደግሞ «ፍርድ ቤት መሄድ አትችልም» ይለኛል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ በጠቀሱት አነጋገር ጠበቃዎ ልክ ይመስሉኛል። ችግሩ የሚነሣው ሽማግሌ የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ሥራ ስለሚሠራ ነው። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ሲባል ሁለቱን ወገን አቀራርቦ የሚያስታርቅ ሰውም ነው፣ ግራ ቀኙን ሰምቶ የሚበይን ሰውም ነው። ሕጉ ግን ይለያቸዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የበያኙን ሥራ «የዘመድ ዳኝነት» ይለው ነበር፤ ዛሬ ጉዳዩን የሚገዛው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ደግሞ ግልግል ዳኝነትንና ዕርቅን በየራሳቸው ክፍል ይደነግጋል። አስታራቂ አይወስንም፤ ተከራካሪዎቹ ራሳቸው እንዲስማሙ ያግዛል። የግልግል ዳኛ ግን ይወስናል፤ ውሳኔውም እንደ ፍርድ ይፈጸማል። የእርስዎ ውል «ካልሆነ ፍርድ ቤት ይወስናል» ማለቱ ሽማግሌዎቹ የመጨረሻ ውሳኔ ሰጪ እንዲሆኑ እንዳልታሰበ ያሳያል። ስለዚህ ዕርቁን በቅን ልቦና ይሞክሩ፤ ሙከራውንም ማን፣ መቼ፣ የት እንደተቀመጠና እንዳልተሳካ በሚገልጽ ቃለ ጉባኤ ይያዙት። ከዚያ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ።

ለወደፊት ውል ሲጽፉ ግን ይህን ቃል ብቻውን አይተዉት። የሚፈልጉት ግልግል ዳኝነት ከሆነ «በግልግል ዳኝነት የመጨረሻ ውሳኔ ያገኛል» ብለው ይጻፉ፤ ዳኞቹ ስንት እንደሆኑ፣ ማን እንደሚሾማቸው፣ የት ከተማ እንደሚቀመጡና በምን ቋንቋ እንደሚሠሩ ያክሉበት። እንደ አዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም ያለ ተቋም መምረጥ ይቻላል። ለአንድ መካከለኛ መጋዘን ግን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የሚቀመጥ፣ ግንባታ የሚያውቅ አንድ ዳኛ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሦስት ዳኛ ማለት የሦስት ሰው አበል ነውና። ከተሞቻችን ሰው ከሰው የሚተዋወቅባቸው በመሆናቸው ሹመቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዳኛ የሚሆነው ሰው ከአንዱ ወገን ጋር ዝምድና፣ ጉርብትና ወይም የሥራ ግንኙነት ካለው ከመጀመሪያው ቀን መግለጥ አለበት፤ የሚያውቁትን ይዘው ቆይተው ሲሸነፉ የሚያወጡት ተቃውሞ ሰሚ አያገኝም።

አዋጁ ስለ ይግባኝ የያዘውንም ሳያውቁ እንዳይፈርሙ። ተዋዋዮቹ በስምምነታቸው ካልፈቀዱ በስተቀር በግልግል ውሳኔ ላይ ይግባኝ የለም፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ሲኖር ግን፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ለሰበር ሰሚ ችሎት ማቅረብ ይቻላል። ይህ ማለት ዳኞቹ የማስረጃውን ሚዛን ቢስቱ የሚያርምልዎት ሌላ መድረክ ላይኖር ይችላል። ግልግል ከፍርድ ቤት ለስለስ ያለ፣ በወረቀት የማይጨነቅ የሚመስላቸው ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ሁለተኛ ዕድል ስለሌለ ይበልጥ ተዘጋጅቶ መቅረብ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ በማኅበር ተደራጅተን ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር በገባነው ውል የኮብልስቶን መንገድ ሠርተናል። የተሠራውን ልክ አሳንሰው ለኩብን። ውላችን ላይ ስለ ግልግል የሚል ነገር ባይኖርም አሁን ተስማምተን ወደ ግልግል መሄድ እንችላለን?

መልስ፦ አይመከርም። ከመንግሥት አካል ጋር ለሕዝብ አገልግሎት የሚደረግ እንዲህ ያለ ውል በአብዛኛው የአስተዳደር ውል ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 315 የአስተዳደር ውልን ከግልግል ውጭ አድርጎት ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1237/2013ም ሕግ ካልፈቀደ በስተቀር በግልግል ከማይታዩ ጉዳዮች ውስጥ ቆጥሮታል። በዓመት ድካም የተገኘ የግልግል ውሳኔ በዚህ ምክንያት ውድቅ ቢሆን ጉዳቱ የእናንተ ነው። ይልቅስ ድንጋዩ ገና ተነጥፎ ስላለና ልኩ ስላልጠፋ የጋራ ዳግም ልኬት እንዲደረግ በደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ በቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉ። እምቢ ካሉ የእምቢታቸው ጽሑፍ፣ ዝም ካሉም ያ የገቢ ቁጥር ፍርድ ቤት ስትሄዱ አብሯችሁ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ በሚገኝ ትልቅ ፕሮጀክት ላይ የሳይት መሐንዲስ ሆኜ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ድርጅታችን ለጊዜ ማራዘሚያና ለተጨማሪ ክፍያ ጥያቄ ሊያቀርብ ነው። የአራት ወር የዕለት መዝገብ ስላልተያዘ አለቃዬ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደኋላ ቀን እየጻፍሁ እንድሞላው አዞኛል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ አይሙሉት። ያለፈ ቀን ጽፎ በዚያ ቀን እንደተዘጋጀ አስመስሎ ማቅረብ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው፤ በወንጀልም ያስጠይቃል፤ የሚፈርመውም የእርስዎ እጅ እንጂ የአለቃዎ አይደለም። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለው አባባልም ሰዎች መያዛቸውን ይረሳል። አንድ ሳምንት ውስጥ የተጻፈ የአራት ወር መዝገብ ራሱን ያጋልጣል። እስክሪብቶው አንድ ነው፤ የሠራተኛው ቁጥር በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ዓርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሰዓት ላይ ኮንክሪት ይሞላል፤ በአረፋ ወይም በጥምቀት ዕለት አርባ ሰው በሥራ ላይ ይውላል። ዝናብ ነበር ተብሎ የተጻፈበት ቀን ኮምቦልቻ ካለው የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ መረጃ ጋር ሲተያይ ደረቅ ይሆናል። ከአራት ወሩ አንድ ቀን ሐሰት መሆኑ ከተረጋገጠ ዳኞቹ ስለ ቀሪዎቹ ቀናት ብቻ ሳይሆን ስለ ድርጅቱ ሌሎች እውነተኛ ሰነዶችም ጥርጣሬ ይገባቸዋል። ሐቅ ያለው ጥያቄ በዚህ ምክንያት ሲወድቅ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በእውነተኛ መንገድ ሊሠሩት የሚችሉት ግን ብዙ አለ። የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ የነዳጅ መስጫ ኩፖን፣ የበር ጥበቃ መዝገብ፣ የሲሚንቶና የአሸዋ መረከቢያ ሰነድ፣ የኮንክሪት ኪዩብ የ7 እና የ28 ቀን የምርመራ ውጤት፣ የተላኩና የደረሱ ደብዳቤዎች፣ በሠራተኞች ስልክ ላይ ያሉ ፎቶዎች፤ እነዚህ ሁሉ በየዕለታቸው የተወለዱ ሰነዶች ናቸው። ከእነርሱ የየቀኑን ሁኔታ የሚያሳይ ማጠቃለያ ያዘጋጁ፤ በራሱም ላይ «ከዚህ በታች ከተጠቀሱት ሰነዶች የተሰበሰበ» ብለው ያዘጋጁበትን የዛሬውን ቀን ይጻፉበት። ለእያንዳንዱ መረጃ የመጣበትን ሰነድ ቁጥር ያመልክቱ፤ መረጃ የሌለበትን ቀን ባዶ ይተዉት። ባዶው ቀን የሞላውን እንዲታመን ያደርገዋል። ለአለቃዎም ይህን አማራጭ በጽሑፍ ያቅርቡላቸው፤ ድርጅቱን የሚጠቅመው እርሱ ነውና የሚሰማ ሰው ካለ ይሰማዎታል።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የዕለት መዝገቡን እርስዎ ይያዙት። በየቀኑ ማታ ከሳይት ሳይወጡ ይጻፉ። በፕላኑ የትኛው አክሲስ (የመለያ መስመር) ላይ ምን ሥራ እንደተሠራ፣ በሙያ የተለየ የሠራተኛ ቁጥር፣ የሠራውና ቆሞ የዋለው ማሽን ከነምክንያቱ፣ የመብራት መቋረጥ የጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ የገባ ዕቃ፣ የመጣ ጎብኚና የተናገረው ይግባበት። «ዝናብ ነበር» ብቻ አይበሉ፤ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የትኛውን ሥራ እንዳስቆመ ይጻፉ። የክረምት ዝናብ ሁሉም የሚጠብቀው በመሆኑ በራሱ ጊዜ አያሰጥም፤ በፊዲክ ውሎች የሚታየው ከተለመደው እጅግ የከፋ የአየር ሁኔታ ነው፤ ያንን ለማሳየት የእርስዎ መዝገብ ከጣቢያው የብዙ ዓመት መረጃ ጎን መቆም አለበት። የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ለሚሠሩ ባልደረቦችዎም ይንገሩልኝ፤ ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የኮምቦልቻ ዝናብ የደሴ ዝናብ አይደለም፣ ሳይታቸው ላይ የራሳቸው የዝናብ መለኪያ ይኑራቸው። የውጭ ዜጎች ባሉበት ፕሮጀክት የዘመን አቆጣጠሩንና ሰዓቱንም ይለዩ፤ «8 ሰዓት» ለአንዱ ከሰዓት በኋላ፣ ለሌላው ጠዋት ነው። ገጹን በማግስቱ ለተቆጣጣሪው ያስፈርሙ፤ አልፈርምም ካለ «ቀርቦለት አልፈረመም» ብለው ይጻፉና ቅጂውን በኢሜይል ይላኩለት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ስለሚደነግግ፣ የተላከው ኢሜይል ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በነበረው ጦርነት ጊዜ ኮምቦልቻ ያለው ቢሯችን ተዘርፎ የአንድ ሕንፃ ውል፣ የሥራ ለውጥ ትእዛዞችና የሰርተፊኬት ፋይሎች በሙሉ ጠፍተዋል። ያልተከፈለን ቀሪ ሒሳብ አለ፤ አሠሪው ግለሰብ አሁን «ሰነድ አምጣ» ይለናል። መብታችን ጠፍቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አልጠፋም፤ በእናንተ ላይ የደረሰውም በእጅጉ አሳዝኖኛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2003 በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ያዘዘውን ውል እንኳ ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ከተረጋገጠ በምስክር ማስረዳትን ይፈቅዳል። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የሚረጋገጠው ሰነዱ እንደነበረና እንደጠፋ ነው። በጊዜው ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ያመለከታችሁበት፣ ጉዳት ያስመዘገባችሁበት ወረቀት ካለ በመጀመሪያ ፈልጉት፤ ከሌለ ዘረፋውን ያዩ ጎረቤቶች ቃል ይሰጣሉ።

ከዚያም የእናንተ ፋይል ብቻ እንዳልነበረ አስቡ። ሰርተፊኬት በአማካሪው ዘንድ ቅጂ አለው። የተከፈለው ገንዘብ በባንክ አልፏል፤ የባንክ መግለጫው ቀንና መጠን ይይዛል። ደረሰኝና የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ ገቢዎች ዘንድ ይገኛል። ፕላኑና የግንባታ ፈቃዱ ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ፣ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትናው በሰጠው ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ዘንድ፣ የናሙና ውጤቱ በመረመረው ላቦራቶሪ ዘንድ አለ። አንዳንዶቹ መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው በዚያው ጊዜ ተጎድተዋል፤ ያም ቢሆን የባንክ መረጃ በማዕከል ስለሚያዝ ከሁሉ በፊት ወደዚያ ሂዱ። አሠሪው ያለውን ቅጂ እንዲያቀርብም የግልግል ጉባኤው ወይም ፍርድ ቤቱ እንዲያዝዘው መጠየቅ ትችላላችሁ።

ጊዜውንም አትርሱ። በሕጉ አንቀጽ 1845 የተለየ ጊዜ ካልተወሰነ በስተቀር ከውል የመነጨ ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ ይቆማል። ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ ግን በአንቀጽ 1851 መሠረት ቆጠራው ይቋረጥና እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ «ቀሪው እንዳለ አውቃለሁ፣ ሰነድ ስታመጣ እከፍልሃለሁ» የሚል የስልክ መልእክት ልኮላችሁ ከሆነ አታጥፉት።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ከውጭ በላኩልኝ ገንዘብ ኮምቦልቻ ላይ ቤት አሠራሁ። ግንበኛውን በእጅ ዋጋ፣ በቃል ተስማምቼ ነበር፤ ዕቃውን እኔ ገዛሁ። ገብቼ አንድ ክረምት እንዳለፈ ግድግዳው ከመስኮቱ ሥር እስከ መሬት ተሰነጠቀ። ግንበኛው «አፈሩ ዋልካ ስለሆነ ነው እንጂ ሥራዬ ደህና ነው» ይለኛል። ወረቀት ስለሌለኝ ሰሚ አላገኝም ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ አይፍሩ። ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በስተቀር ውል በቃልም ይጸናል፤ ግንበኛው ቤቱን መሥራቱንም አልካደም፤ ገንዘብ ሲቀበል ያዩ ጎረቤቶችም ምስክር ይሆናሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ተቋራጭ ሥራው በደንብ ለመሠራቱና ለጥንካሬው ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። በሥራው ጉድለት ብቻ ሳይሆን በአፈሩ ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳትም ይጠየቃል። ስለዚህ «ዋልካ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አያድነውም፤ ዋልካ በክረምት እንደሚያብጥና በበጋ እንደሚሰነጠቅ አውቆ መሠረቱን ማውረድ ወይም ለእርስዎ መንገር የእርሱ ሙያ ነበር። በእጅ ዋጋ የሠራ ግንበኛ በዚህ አንቀጽ እስከ ምን ድረስ እንደሚጠየቅና ዕቃውን እርስዎ መግዛትዎ ምን እንደሚያመጣ ግን ሊያከራክር ስለሚችል የዕቃ ደረሰኞችዎን ይሰብስቡ።

ግድግዳውን አሁን አያስለስኑት። በመጀመሪያ አንድ መሐንዲስ አይቶ በጽሑፍ ሪፖርት ይስጥዎት፤ ለግንበኛውም እንዲያስተካክል ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ይላኩለት፣ ሲቀበልም ያስፈርሙት። ከዚያ በስንጥቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚይዝ የእጅ መዳፍ የሚያህል የጂፕሰም ልጥፍ በሁለት በሦስት ቦታ ያስደርጉ፤ በላዩም ዕለቱን በእርሳስ ይጻፉበት። ልጥፉ ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው፤ የተሰነጠቀበትን ቀን ከአጠገቡ ጽፈው ፎቶ ያንሡት፣ ፎቶውንም ለልጆችዎ ይላኩላቸው።